ፈተናው ያጠነከረው ብረት

በ1952 እ.ኤ.አ. ኮሜት የተባለው የብሪታንያ አውሮፕላን ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ መንገደኞች ማመላለስ ሲጀምር የጄት ዘመን ጉዞ ተከፈተ። በ1954 ግን ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ኮሜቶች፣ አንዱ በኤልባ ደሴት፣ ሌላው በኔፕልስ አቅራቢያ አየር ላይ ተበታትነው ባሕር ገቡ፤ 56 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ሳይፈተን ቀርቶ አልነበረም። ከአካሉ የተወሰደ ክፍል ከ16,000 ጊዜ በላይ በአየር ግፊት ሲነፋና ሲተነፍስ ችሎ ነበር። ታዲያ ለምን ተሰበረ?

በእንግሊዝ ፋርንቦሮ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በአርኖልድ ሆል መሪነት፣ ሲበር የቆየ ኮሜት አምጥተው አካሉን ገንዳ ውስጥ ከተቱት፤ ውስጡንም ውጪውንም በውሃ ሞሉት። የታመቀ አየር ሲያመልጥ እንደ ፈንጂ ሁሉን ይበታትናል፤ ውሃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ስንጥቁ የጀመረበት ቦታ ሳይጠፋ ይገኛል። ግፊቱን እየጨመሩና እየቀነሱ በረራን ደጋገሙ። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቃኑት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ አካሉ ቀድሞ የበረረው ተደምሮ በ3,057ኛው ዙር ተቀደደ። ከኤልባ ባሕር የወጣው ስብርባሪም ጣሪያው ላይ ካለ መስኮት ጥግ የተነሣ የድካም ስንጥቅ፣ ማለትም ከተደጋገመ ጫና የመጣ ስንጥቅ፣ አሳየ።

በ16,000 እና በ3,000 መካከል ያለው ልዩነት የመጣው ከፈተናው ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለድካም ከመፈተኑ በፊት ጥንካሬው እንዲታይ ከበረራው ሁለት እጥፍ ግፊት ተጭኖበት ነበር። ያ ጫና በመስኮቶቹ ጥግ ያለውን ብረት በጥቂቱ ለጠጠው፤ ጫናው ሲነሣ በዙሪያው ያለው ብረት መልሶ ጨመቀው፤ የተጨመቀ ብረት ደግሞ ቶሎ አይሰነጠቅም። መንገደኛ የሚያጓጉዙት አውሮፕላኖች ይህን ያህል ጫና አልቀመሱም። የተፈተነውና የሚበረው በመልክ አንድ፣ በብረታቸው ግን የተለያዩ ነበሩ።

ነገሩ የሚገባው ካለፈ በኋላ ነው፣ መሐንዲሶቹም በጊዜው ደንብ ከተጠየቀው በላይ ሠርተዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቸልተኞች አልነበሩም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፦ ትጉህ ሰው እንኳ በመልካም ውጤት ይታለላል። ለየፈተናው ሌላ አካል መሥራት ውድ ነው የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የተቆጠበው አንድ አካል በሁለት ሙሉ አውሮፕላንና በውስጣቸው በነበሩት ሰዎች ተከፍሏል። ዛሬ ትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ሲሠሩ አንድ አካል ለጥንካሬ፣ ሌላው ለድካም ይመደባል፤ ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ አይበሩም።