አሮጌው ላንድሮቨር በስምጥ ሸለቆ መንገድ፦ ውኃው ለምን ይፈላል?

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ አዳሚ ቱሉ አካባቢ በቀትር ፀሐይ ኮፋኖው ተከፍቶ የቆመ አሮጌ ተሽከርካሪ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። «ውኃ ፈላበት» ይባላል፤ ውኃ ይጨመርለታል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ካልታወቀ ችግሩ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይመለሳል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ከውጭ ደኅና መስሎ የሚታይ መኪና ውስጡ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጅ አስቀድሞ ሊመረመር ከሚገባው አንዱ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ነው።

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው ነጥብም ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዳሚ ቱሉ ውኃ በ94.5፣ በ2,400 ሜትር ላይ በሚገኘው የአዲስ አበባ ክፍል ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩን የውኃ መስመር የሚከፍተው ቴርሞስታት አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሥራውን ይጀምራል። እንግዲህ በሞተሩ መደበኛ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በጸደይና በጎማ ማኅተም አማካይነት ግፊት ያምቃል። 60 ኪሎ ፓስካል የሚይዝ ክዳን በአዳሚ ቱሉ የመፍያውን ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ጸደዩ ከላላ ይህ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል። ስለሆነም ትክክለኛ መጠን ያለው አዲስ ክዳን መግጠም በአነስተኛ ወጪ ትልቅ ጥቅም ያስገኛል።

የሞቀ ራዲያተር መክፈት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ105 ዲግሪ የሚገኝ 10 ሊትር ውኃ ግፊቱ በድንገት ቢለቀቅ 2 በመቶ ያህሉ ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል። ክብደቱ 200 ግራም ብቻ ቢሆንም 400 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ይህ እንፋሎት የፈላውን ውኃ እየገፋ ፊትና እጅን ያቃጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ ራዲያተሩ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ መታገሥ ግድ ነው።

የሚጨመረው ውኃም ይመረጣል። ማዕድን የበዛበት ውኃ በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ቅርፊት ይፈጥራል፤ ቅርፊቱም ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከመዳብ ከመቶ ጊዜ በላይ ባነሰ መጠን ነው። እንደ አብያታ ያለ የሶዳ ሐይቅ ውኃ ደግሞ የአሉሚኒየም ክፍሎችን ይበላል። የሚመረጠው ከዝገት መከላከያ ጋር የተቀላቀለ የተጣራ ውኃ ነው። ያረጁ የጎማ ቱቦዎችና የላላ የማራገቢያ ቺንጋም ከጉዞ በፊት ይለወጡ።

በመጨረሻም ከባዱ ፈተና የመልስ ጉዞው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከአዳሚ ቱሉ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ 750 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሞተሩ የበለጠ ይደክማል፤ አየሩ ይሳሳል፤ የመፍያው ነጥብም ዝቅ ይላል። ሲሄድ ያልፈላ መኪና ሲመለስ ሊፈላ ይችላልና ዝግጅቱ ለመልሱም ጭምር ይሁን።