ከአጣቢዎቹ በታች የሞቱት ቀንድ አውጣዎች

ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1964 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት በአድዋ ወንዞች ዳር እየተጎነበሰ ድንጋይ ይገለብጥ፣ የሰፈፈውን ቅጠል እያነሳ ከሥሩ ያለውን ያይ ነበር። የሚፈልገው ቀንድ አውጣ ነበር። ስሙ አክሊሉ ለማ ይባላል። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥገኛ ተሐዋስያን ያጠና ተመራማሪ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የያዘው ሥራ ቀንድ አውጣዎቹ በየትኛው ወንዝ እንደሚኖሩና እንደማይኖሩ ለይቶ ማወቅ ነበር። ለተማረ ሰው የሚያኮራ ሥራ አይመስልም። ቀንድ አውጣዎቹ ባሉበት ሁሉ ግን ብልሃርዝያ ነበረ።

የብልሃርዝያ ትል በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ጎርፍ ጠራርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። እዚያ የሚፈለፈለው እጭ ሰውን በቀጥታ መያዝ አይችልም። መጀመሪያ አንዲት ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ መራባት አለበት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከዚያችው ቀንድ አውጣ በዓይን የማይታዩ እጮች በሺዎች እየሆኑ ይወጡና ውሃ ውስጥ ያገኙትን ሰው ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ልጅ ሊዋኝ፣ እናት ልብስ ልታጥብ፣ ገበሬ መስኖ ሊያዞር ወርዶ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ጉበት ይጎዳል፤ ሆድ ይነፋል፤ አቅም ይከዳል።

ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ይህን ትል ካይሮ ውስጥ ያገኘው በ1851 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሐኪሞች የረባ መላ አልነበራቸውም። በ1918 ካርቱም ላይ የተጀመረው የአንቲሞኒ መርፌ ትሉን ይገድል ነበር፤ ነገር ግን ታማሚውንም ክፉኛ ያንገላታ፣ አንዳንዴም ልቡን ይጎዳ ነበር። ደግሞስ የዳነው ሰው በማግስቱ የሚወርደው ወደዚያው ወንዝ አይደለምን? ሌላ ውሃ የለውማ! ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከሰውዬው ላይ አንስተው ቀንድ አውጣዋ ላይ ጣሉ። እሷን ማጥፋት ቢቻል ትሉ መራቢያ ያጣል። የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ለዚሁ የሚሆን ኬሚካል ሠርቶ ነበር፤ አንዱ ቶን ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። ያን ገዝቶ በየወንዙ መጨመር ለኢትዮጵያ የሚሞከር አልነበረም። አክሊሉ ቀንድ አውጣዎቹ ያሉበትን ቦታ ለይቶ ቢጨርስ እንኳ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ያየው ነገር አልገጥም አለው። በወንዙ በአንደኛው በኩል ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ትንሽ ዝቅ ሲል ግን የሚያገኛቸው ሙተው የተንሳፈፉ ናቸው። ወንዙ ያው ነው፤ ፀሐዩም ያው ነው። ቀና ብሎ ወደ ላይኛው በኩል ሲመለከት ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ ከድንጋዩ ላይ የሚንሸራተተው ነጭ አረፋም ወደ ታች፣ ወደ ሞቱት ቀንድ አውጣዎች ይፈስ ነበር። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር።

እንዶድን የማያውቅ የሀገር ቤት ሰው የለም። በየአጥሩ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሴቴው ተክል እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ፍሬ ይይዛል። ፍሬው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይወቀጣል። ወቃጯ ፊቷን ዞር ካላደረገች ብናኙ አፍንጫዋን ቆንጥጦ ያስነጥሳታል፤ ዓይኗንም ያስለቅሳታል። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው አረፋ ይሠራል፤ በዚያ አረፋ የታጠበ ጋቢና ነጠላ ፍክት ብሎ ይነጣል። የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ ከመደርደሩ ከዘመናት በፊት እናቶች ነጭ ልብስ ያጠቡት በዚህ ነበር። አረፋው ከልብሱ ከወጣ በኋላ ወንዙ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀው ግን ያን ጊዜ ወንዙ ዳር የቆመው ወጣት ነበር።

አክሊሉ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ውስጥ አደረገና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋዋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቃት። ጨመረችለት። ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ቅርፊታቸው ተሸማቀቁ። ከዚያ ውሃው ቀላ፤ የዚህ ዓይነቱ ቀንድ አውጣ ደም እንደ ሰው ደም ቀይ ነውና። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ሞቱ።

እዚህ ላይ ጮቤ ረግጦ ተገኘ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን አረፋው ውስጥ የልብስ እድፍ አለ፤ ላብ አለ፤ ሌላም የማይታወቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ገዳዩ የትኛው ነው? ይህን ወንዝ ዳር ቆሞ ማወቅ አይቻልም። የእንዶድ ፍሬ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ተጓዘ።

እዚያ ፍሬው ብቻውን ተፈጭቶ በንጹሕ ውሃ ተፈተነ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት አስር ሚሊግራም ዱቄት፣ ማለትም በጣት ጫፍ ከሚቆነጠረው በጣም ያነሰ፣ ቀንድ አውጣዎቹን በአንድ ቀን ውስጥ ጨረሳቸው። ገዳዩ እድፉም ላቡም አልነበረም። እንዶዱ ራሱ ነበር። ደግሞም ወንዙ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቀር መርዝ አልነበረም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብስና ይጠፋል። አክሊሉ ያገኘውን በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን ሲያቋቁም መሥራቹ እሱ ሆነ። አሁን የቀረው ጥያቄ በፍሬው ውስጥ ያለው ገዳይ ነገር ምንድን ነው የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ፍሬው ባሕር ተሻገረ። በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ የእንዶዱን ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ መለየት ያዙ። የሚያፈሉት፣ የሚያጣሩት፣ የሚመረምሩት ሁሉ ወደ ሳፖኒኖች መራቸው። ሳፖኒን አረፋ የሚሠራ የተክል ንጥረ ነገር ነው፤ አንደኛው ወገኑ ቅባት፣ ሌላው ወገኑ ውሃ ይወዳል። እድፍን ከጨርቅ የሚያላቅቀውም፣ የቀንድ አውጣዋን የሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሰውም ይኸው ሁለት ወገን መውደዱ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሁሉ የበረታውን ሳፖኒን ለይተው ሲያወጡት ስም አወጡለት። ለማቶክሲን አሉት፤ በአክሊሉ ለማ ስም።

ስሙ ኬሚስትሪ ውስጥ ገባ። ወንዙ ውስጥስ?

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ የአድዋ ወንዞች በእንዶድ ተፈተኑ። ከተማዋ ያን ጊዜ 17 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት። ፍሬው ከዚያው ከአካባቢው ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ ወንዙ ውስጥ ይጨመር ነበር። መለኪያ የሆኑት ትንንሾቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ትልቅ ሰው የተሸከመው ትል የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ሕፃን ላይ የሚገኘው ግን አዲስ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ከሕፃናቱ ግማሹ፣ 50 በመቶው፣ በብልሃርዝያ ተይዘው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የተያዙት 7 በመቶ ብቻ ሆኑ።

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘለት ግኝት ዓለም እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ይመስላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ የማያሰጋ መሆኑ በታወቀው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በተመረመረ የመርዛማነት ጥናት ካልተረጋገጠ ድጋፍ አንሰጥም አሉ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምርመራ የሚጠይቀው ገንዘብና ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አልነበረም። የነበራቸው ሀገሮች ደግሞ ከአፍሪካ አጥር ላይ ተለቅሞ በነፃ ለሚገኝ ፍሬ ገንዘብ ማፍሰስ አላጓጓቸውም። አክሊሉ ከሁሉ የከበደው የሳይንሱ ችግር ሳይሆን በድሀ ሀገር የተሠራን ምርምር አለማመን መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ማስረጃዎቹን ሳይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። አክሊሉም በተባበሩት መንግሥታት ሥራ ከሀገር ወጣ።

ሀገር ቤት ግን ሥራው አልቆመም። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የዕፅዋት ተመራማሪ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየቦታው እየሰበሰቡ ያለሙ ነበር። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ብዙ ያፈራል ግን ደካማ ነው፤ ሌላው ብርቱ ነው ግን ተባይ ያጠቃዋል። ዘር እየተከሉ፣ ፍሬ እየመዘኑ፣ ኃይሉን በቀንድ አውጣ ላይ እየፈተኑ ቆዩ። በመጨረሻ ፍሬው የበዛ፣ ኃይሉም የጸና አንድ ዓይነት ለዩ። በተራ ቁጥሩ ዓይነት 44 ተባለ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ይታወቃል።

በዚያው ጊዜ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በሎዛን ዩኒቨርሲቲ፣ ኩርት ሆስቴትማንና ባልደረቦቹ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ኬሚስቶች የተክል ንጥረ ነገር ሲያወጡ በተለምዶ ሜታኖል በተባለው አልኮል ይነክሩታል። እንዶድን በሜታኖል ሲያወጡት ሳፖኒን በሽበሽ ነበር፤ ቀንድ አውጣ ላይ ሲጨመር ግን የማይገድል ሆነ። ያንኑ ፍሬ በተራ ውሃ ሲያወጡት ገዳይ ነበር። እንዴት ይሆናል?

መልሱ የተገኘው ፍሬው ውስጥ ነበር። ባልተፈጨው የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ጎኑ ስኳር የተሸከመ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣን አይነካም። ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲነካው ግን በውስጡ ያለ ኤንዛይም ይነቃና አንደኛውን ስኳር ቆርጦ ይጥለዋል። ገዳዩ ያኔ ይወለዳል። ሜታኖል ኤንዛይሙን ሽባ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሳፖኒኑ እንዳለ፣ ጉዳት የሌለው ሆኖ ይወጣል። የአድዋ እናቶች ፍሬውን ወቅጠው በውሃ መዘፍዘፋቸው ከቤተ ሙከራው ወግ ይልቅ ትክክለኛው የኬሚስትሪ መንገድ ነበር። ከእነሱ አረፋ ይልቅ የኬሚስት ጠርሙስ ወንዙ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ አንድም ቀንድ አውጣ ባልሞተ ነበር። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የደኅንነቱ ጥናትም ውሎ አድሮ ተሠራ። በካናዳ መንግሥት የምርምር ድጋፍ፣ በኦታዋው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ጆን ላምበርት የመሩት ቡድን እንዶድን በዓለም አቀፉ ደንብ ፈተነው። ዓይን እንደሚቆጠቁጥ አረጋገጠ፤ ይህንን ወቃጮቹ ቀድሞም ያውቁታል። ወንዝ ውስጥ ለመጠቀም የሚከለክል ነገር ግን አላገኘበትም። በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ግኝቱ ከተገኘ 25 ዓመት ሆኖት ነበር።

ቀጣዩን ያልታሰበ ነገር ያመጣው ሌላ ሽልማት ነው። በ1990 አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበል ወደ ኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከተማው ኢሪ ሐይቅ ዳር ነው። ያን ጊዜ ሐይቁን ዜብራ መስል የተባለች፣ ከአውሮፓ በመርከብ የገባች ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ወርራው ነበር፤ የከተማ ውሃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎች ውስጥ እየተጣበቀች ትደፍናቸው ነበር። ለማጽዳት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነበር። አክሊሉ ፍጥረቷን ሲያይ የቀንድ አውጣ ዘመድ መሆኗን ወዲያው ተረዳ። እንዶድ ተሞከረባት። ሞተች።

አሁን ነገሩ የሀብታም ሀገር ችግር ስለሆነ ፈጥኖ ሄደ። ዩኒቨርሲቲው እንዶድን ዜብራ መስልን ለመግደያ ስለመጠቀም በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስነሳ፤ የኢትዮጵያ እናቶች ከትውልድ ትውልድ ካቆዩት እውቀት የወጣ ጥቅም የማን ነው የሚለው ጥያቄ በዓለም የዕፅዋት ሀብት ሙግቶች ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በእኔ እምነት ያን መብት ሲያስቡ አጣቢዎቹንም ሊያስቧቸው ይገባ ነበር።

አክሊሉ ለማ በ1997 አረፈ። የመሠረተው ኢንስቲትዩት በኋላ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተባለ። እንዶድም ገና ያልተፈታ እንቆቅልሽ አለው፤ ትልልቆቹን ቀንድ አውጣዎች እንጂ እንቁላላቸውን በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ እየተደጋገመ መጨመር አለበት። በዚህ መሐል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጥቶ የተማሪ ልጆች ዋና መከላከያ ሆነ፤ ልጆቹ ግን ወደ ወንዝ ሲመለሱ እንደገና ይያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ቀንድ አውጣን በወንዝ ውስጥ ስለማጥፋት የመስክ መመሪያ ሲያወጣ፣ ለሥራው ተዘጋጅቶ በገበያ የተገኘው ኬሚካል ያው የጥንቱ ኒክሎሳማይድ፣ የባየር ቅመም ነበር።