ምድር ለባሽ ጽጌረዳና የአገራችን ቀጋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ

አገራችን የጽጌረዳ አበባን ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ አገሮች መካከል ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘች መሆንዋ በነጋዴዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ የንግድ አበባ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ፣ በባለሙያ ጥበቃ፣ መድኃኒት እየተረጨለት አድጎ በአውሮፕላን ተጭኖ የሚሄድ ነው። በመሐል ሜዳ ወይም በራቤል ቤት የሠራ ሰው በደጃፉ የሚተክለው ጽጌረዳ ግን ጠባቂም መድኃኒትም የለውም፤ ውርጩንና ነፋሱን ራሱ ችሎ ማደር አለበት። ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ጽጌረዳ፣ ይኸውም ብዙ ድካም ሳይጠይቅ መሬት ለመሬት እየሄደ ዐፈሩን ስለሚያለብሰው ዓይነት ለመጻፍ ወደናል። ጕዳዩ የጌጥ ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ ችግኝ የሚያስመጣውም፣ የሚሸጠውም፣ የሚገዛውም ገንዘቡን የሚያተርፍበት ወይም የሚያጠፋበት ነገር ነው።

ምድር ለባሽ የሚባለው ጽጌረዳ ቁመቱ ከጕልበት እምብዛም የማያልፍ፣ ስፋቱ ግን አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ነው። ከዘሩ አባቶች አንዱ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣውና በጀርመናዊው በማክስ ቪኩራ ስም የሚጠራው በምድር ላይ የሚሳብ ጽጌረዳ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር «ዘ ፌሪ» የተባለው አጭርና ብዙ አበባ የሚሰጥ ዓይነት ወጣ፤ ዛሬም ድረስ ይተከላል። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ኖአክ የተባሉት የጀርመን አዳቃዮች መድኃኒት ሳይረጩ በሽታን የሚቋቋመውን እየመረጡ ያገኙትን ጽጌረዳ ለገበያ አቀረቡ። ይህም «ፍላወር ካርፔት» በሚል የንግድ ስም፣ በደማቅ ሐምራዊ የፕላስቲክ ማሰሮ እየተሸጠ በዓለም ሁሉ ተዳረሰ። ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለበት፤ ገዢው የአበባውን ስም ቢረሳ እንኳ የማሰሮውን ቀለም አይረሳም ነበር።

ይሁን እንጂ በጀርመን የተወደደ ሁሉ በመንዝ ይወደዳል ማለት አይደለም። በላሎ፣ በማማና በጌራ ምድር ከፍታው በብዙ ቦታ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀኑ ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው። በአውሮፓ ብርዱ ክረምቱን ሙሉ ስለሚቆይ ተክሉ ያንቀላፋል። በደጋችን ግን ቀን ሲሞቅ ለምለም ቀንበጥ ያወጣና ሌሊት ውርጩ ያቃጥለዋል። ወደ መርሐ ቤቴ ሲወርዱ፣ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ባለው አገር፣ በዓለም ከተማ ዙሪያ አየሩ ወይናደጋ ስለሆነ የውርጩ ችግር እጅግ ይቀንሳል፤ በዚያ የሚያስቸግረው የበጋው ድርቀት ነው። ስለዚህ ለመሐል ሜዳና ለዓለም ከተማ ሱቅ አንድ ዓይነት ችግኝ መላክ የነጋዴ ስሕተት ይሆናል።

ሌላም አለ። በመንዝ እንጨት ብርቅ በመሆኑ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል እንጂ ለአትክልት አይተርፍም። ብዙ ፍግ የሚሻ ጽጌረዳ በዚህ አገር ከምድጃው ጋር ይሻማል ማለት ነው። ምድር ለባሹ ግን በጥቂት ብስባሽና በገለባ ጕዝጓዝ የሚረካ በመሆኑ ለአገሩ ኑሮ የተስማማ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መነገር የነበረበት ቀጋ ነው። ከሰሐራ በረሓ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ የጽጌረዳ ዘር እርሱ ብቻ መሆኑን ከአገራችን ሰው ብዙው አያውቅም። ስሙን በሳይንስ መጽሐፍ ያስገባው እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ባሳተመው የጽጌረዳዎች መጽሐፍ «የሐበሻ ጽጌረዳ» ብሎ በላቲን ጻፈው። ነጭ አበባው መዓዛው መልካም ነው፤ ቀይ ፍሬውን እረኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ድንጋያማ ተዳፋት አይጠላም፤ ውርጩንም ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ለምዶታል።

ስለ ቀጋ እውነቱን ለመናገር ግን ለሳሎን መስኮት ሥር የሚሆን ተክል አይደለም። ዛፍ ያገኘ እንደሆነ እየተንጠላጠለ ብዙ ሜትር ይወጣል፤ እሾኹም ቆልማማ ነው። የመንዝ በግ በአጠገቡ ያለፈ እንደሆነ ጠጕሩን ከፍሎ ይሄዳል፤ ለበርኖስና ለባና የሚሆነውን ጠጕር በእሾኽ ላይ መተው ደግሞ የሚያዋጣ አይደለም። ቦታው የእርከኑ ጠርዝ፣ የካቡ ራስና ጎርፍ የሚበላው የግቢ ዳር ነው። በዚያ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎንበስ አድርጎ በድንጋይ መጫን ወይም መካከሉን በዐፈር መቅበር ይገባል፤ የተቀበረው ሥር ይሰድና ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ ይይዛል። ለአጥርነቱም ቢሆን የሽቦ ዋጋ ለሚያስጨንቀው ሰው ብዙ ወጪ ያስቀራል።

ከቀጋ ሌላ በአገራችን የቆየ አጭር ጽጌረዳ አለ። በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የተገኘውንና ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙ የማይበልጠውን፣ ወደ ጎን የሚዘረጋውን ፈዛዛ ሮዝ አበባ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. ገደማ «ቅዱስ ጽጌረዳ» ብሎ ጻፈው፤ ዛሬ በእርሱ በራሱ ስም ይጠራል። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1888 ዓ.ም. በግብጽ ፋዩም በጥንት መቃብሮች ካገኛቸው የአበባ ጕንጕኖች ውስጥ የነበረው ጽጌረዳ ይህንኑ የሚመስል መሆኑን የጊዜው ሊቃውንት ተናግረዋል። አበባው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን አጭርና ጠንካራ በመሆኑ የአውሮፓ የአትክልት ሰዎች ዛሬም ይፈልጉታል። እኛ ጋ ግን በችግኝ ነጋዴ እጅ ሊገኝ የሚገባውን ያህል አይገኝም። ከውጭ ከማስመጣት በፊት የቤቱን ማየት እንዴት ሳይታሰብ ቀረ?

ስለ አበባ እርሻዎች ትርፍ ችግኝም አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። ለውጭ ገበያ የሚተከለው ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ነው። ይህን ገዝቶ በደጋ የተከለ ሰው በመጀመሪያው ውርጭ የላይኛው ሲሞትበት ከታችኛው ሥር የሚበቅለውን አውራ ቀንበጥ እንደ ጽጌረዳው ቈጥሮ ይንከባከባል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የገዛው አበባ ሳይሆን ሌላ ያገኛል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሸጥ ችግኝ ከቅርንጫፍ ተቈርጦ በገዛ ሥሩ የቆመ መሆን አለበት። ውርጭ እስከ መሬት ቢቈርጠው እንኳ ያው ራሱ ተመልሶ ይበቅላልና።

አተካከሉ ቀላል ነው። መሬቱ ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከባሕር ዛፍ ሥር የተተከለ ጽጌረዳ ውሃውን ለዛፉ ገብሮ እርሱ ይመነምናል። ጥቁር መረሬ የሆነ እንደሆነ ውሃ ስለሚያቁር ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ያስፈልጋል። ዋናው ድካም ከመትከል በፊት ያለው ነው፤ ሰርዶው ከነሥሩ ተነቅሎ መውጣት አለበት፤ እሾኻማ ተክል መሬቱን ካለበሰ በኋላ በመካከሉ ገብቶ ማረም ቅጣት ነው። ጕድጓዱ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቈፈር፤ በችግኝና በችግኝ መካከል ከስድሳ እስከ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ይተው። ጊዜው ዝናቡ ሲያዝ ነው፤ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ውርጩ ሳይመጣ ሥር ይይዛል። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበቃል። መግረዝም በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በመንዝና በግሼ ከየካቲት በፊት መግረዝ ግን ለውርጩ ቀንበጥ ማቅረብ ይሆናል።

ወደ ንግዱ እንመለስ። ከውጭ አገር የጽጌረዳ ችግኝ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪውም አገር የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት ማግኘት እንዳለበት አይርሳ። እንዲሁም አዲስ ዝርያዎች የአዳቃይ መብት ሊኖርባቸው ይችላል፤ በአገራችን ይህ መብት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1068 የተደነገገ ስለሆነ፣ አንድ ችግኝ አስመጥቶ ሺሕ አድርጎ ለመሸጥ ያሰበ አስቀድሞ ይጠይቅ። እንደ «ዘ ፌሪ» ያለው አሮጌ ዓይነት ግን ዕድሜው ራሱ ነጻ ያወጣዋል።

ላኪዎቻችን ደግሞ ስለ ቀጋ ፍሬ ቢያስቡ መልካም ነው። በዓለም ገበያ የደረቀ የጽጌረዳ ፍሬ ለሻይ፣ የዘሩ ዘይት ለቅባት ይሸጣል። በዚህ ንግድ የታወቀችው ቺሊ ናት፤ እንደ እኛው ተራራማ የሆነችው ሌሶቶም ትሸጣለች። የሁለቱም ፍሬ ከአውሮፓ ከገባ የዱር ጽጌረዳ የሚለቀም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ብርቱካን ባጡ ጊዜ ልጆቻቸውን በዱር ጽጌረዳ ፍሬ ሽሮፕ አሳድገዋል፤ ቪታሚን ሲ የበዛበት ነውና። የእኛ ቀጋ ከእነዚያ ጋር ዘመድ እንጂ አንድ ባለመሆኑ፣ ውል ከመዋዋል በፊት ናሙናውን በላቦራቶሪ ማስመርመር ግዴታ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው የሚያሳክክ ፀጕርም ተጣርቶ መውጣት አለበት። ፍሬን ለምግብ መሸጥና ዘርን ወይም ቅርንጫፍን ለማራባት ወደ ውጭ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለሁለተኛው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።

አለቃቀሙንም በተመለከተ ገዢው በየቀበሌው ላገኘው ሰው ሁሉ ሚዛን ዘርግቶ ቢቀመጥ ቍጥቋጦው በሁለትና በሦስት ዓመት ያልቃል። የመንዝ ሰው ለዚህ መላ ከሌላ አገር መዋስ አያስፈልገውም። የጓሳን ሣር አቅኚ አባቶቹ ካወጡት ደንብ ጀምሮ ለብዙ ዓመት ሲዘጋና በወሰነው ቀን ሲከፍት የኖረ ሕዝብ ነው፤ ያ ደንብ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከተነካ በኋላም ጓሳው በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ተመልሶ ይገኛል። ቀጋን ለመግዛት የሚነሣ ነጋዴ መጀመሪያ ከዚያ አካባቢ ሽማግሎች ጋር ተቀምጦ የመልቀሚያውን ወር፣ የማይነካውን ተዳፋትና የኪሎውን ዋጋ በጽሑፍ ቢዋዋል ይሻለዋል።