ዲስክ ሲለወጥ ምን ይሻገራል? የቤት ኮምፒውተርን ወደ ሰፊ ኤስኤስዲ ስለማሳደግ



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። የጠበበንን ዲስክ አውጥቶ በሰፊ ኤስኤስዲ መተካት አንድ ካቻቢቴና ጥቂት ደቂቃ የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። ሆኖም በየቤታችን ያለው ኮምፒውተር የመመረቂያ ጽሑፍን፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍን፣ የቡና ሽያጭ ሒሳብንና ከአዛውንት አንደበት የተቀዳ ታሪክን በአንድነት የያዘ ማኅደር ነው። ስለዚህ የማስረዳው ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ በዲስክ ለውጥ ጊዜ ለአደጋ የሚጋለጠው በውስጡ ያለው ጽሑፍ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከሌላው የተለየ ስስ ጎን አለው።

አስቀድሜ ኤስኤስዲ ለምን እንደሚፈጥን ልግለጽ። በሃርድ ዲስክ ውስጥ መግነጢሳዊ ሰሌዳ ይሽከረከራል፤ አንባቢው ክፍል የሚፈለገው ቦታ በሥሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በላፕቶፖች በተለመደው በደቂቃ 5400 ዙር ፍጥነት፣ አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ኮምፒውተር ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከተለያየ ቦታ ስለሚያነብ ይህ ጥበቃ ተደማምሮ ደቂቃዎች ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ መረጃን በኤሌክትሪክ ሙል አማካይነት በፍላሽ ሴሎች ውስጥ ይይዛል። የዚህን ቴክኖሎጂ መሠረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ የጣሉት ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ብዙ ጊዜ «ይህ ላፕቶፕ አርጅቷል» የምንለው መሣሪያ ያረጀው ዲስኩ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከመግዛት በፊት የኮምፒውተሩን መግቢያ ማየት ያስፈልጋል። ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክን ቦታ በቀጥታ ይይዛል። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ሰሌዳ ግን አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ስለሚሠራ መጠኑ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ስለ ስፋቱም አንድ ነገር ልብ በሉ። 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ ነው። ማጭበርበሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ትንሽ ዲስክ ራሱን ትልቅ አድርጎ እንዲያስታውቅ ይደረጋል፤ እውነተኛው ቦታው ሲሞላ አዲሱን መረጃ በቀደመው ላይ ይጽፋል ወይም ይጥለዋል። ይህን የምንለየው ውድ ፋይል ከማስገባታችን በፊት ዲስኩን እስከ አፉ በሙከራ ፋይል ሞልተን መልሰን በማንበብ ነው።

ወደ አዲሱ ዲስክ መሻገሪያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አሮጌውን ዲስክ እንዳለ መቅዳት፣ ማለትም ክሎን ማድረግ ነው፤ ሥርዓቱ፣ ፕሮግራሙ፣ ፎንቱና ፋይሉ አብረው ይሻገራሉ። ሁለተኛው ዊንዶውስን ከባዶ ጭኖ ፋይሎችን ብቻ መገልበጥ ነው። ይህ ቫይረስና የተከማቸ ቆሻሻ ላለበት ኮምፒውተር ይመረጣል፤ ነገር ግን የአማርኛ ጽሑፍ ስስ ጎን የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ቀደምት ፎንቶች ስንጽፍ ኖረናል። በእነዚያ ፎንቶች በተጻፈ ፋይል ውስጥ የተመዘገበው ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተሰጠ ቁጥር ነው፤ የ«ሀ»ን መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። የቁጥሮቹ ብዛት ከ256 ስለማይበልጥ የፊደል ገበታችን በአንድ ፎንት አልበቃ ብሎ ወደ ሌላ የተከፈለበትም ጊዜ ነበር። በዩኒኮድ ግን «ሀ» የራሱ ቁጥር፣ 4608፣ አለው፤ የፊደሉ ቅርጽ ቢለዋወጥም ማንነቱ አይለወጥም።

ይህን በምሳሌ እንየው። በዚህ በሊሙ የሚኖር አንድ መምህር፣ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ስለነበረችው ሊሙ እናርያ፣ ስለ መናገሻዋ ሳቃና ስለ ንጉሡ አባ ባጊቦ ከአዛውንት የሰማውን በቀድሞው ፎንት ተይቦ አስቀምጧል እንበል። ኮምፒውተሩ ሲዘገይበት ባለሙያ ኤስኤስዲ ይገጥምለታል፤ ዊንዶውስን ከባዶ ይጭናል፤ ፋይሎቹንም አንድ ሳያስቀር ይገለብጣል። አሮጌው ዲስክ ፎርማት ተደርጎ ይሸጣል። መምህሩ ጽሑፉን ሲከፍት የሚያየው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ማንበቢያው ግን ቀርቷል። ጽሑፉ በዎርድ የተቀመጠ ከሆነ የፎንቱ ስም በውስጡ ስለሚገኝ ያንኑ ፎንት ፈልጎ መጫን ይቻላል። በተራ የጽሑፍ ፋይል ከተቀመጠ ግን ስሙም የለም። የተናገሩት አዛውንት በሕይወት ከሌሉ ደግሞ፣ ያንን ቃል ሁለተኛ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ካቻቢቴው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ሥራ ይሠራ። የዊንዶውስ የፎንት ማኅደር በፍላሽ ይቀዳ። በቀድሞ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ ገና ሳለ በፒዲኤፍ ይቀመጡ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ከዚያም ዋና ዋናዎቹ ወደ ዩኒኮድ ተቀይረው ከመጀመሪያው ጋር በዓይን ይመሳከሩ።

ክሎን የምታደርጉ ከሆነ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ማገናኛ አያይዙ፤ ክሎንዚላ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ምንጩንና መድረሻውን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ ባዶው ሙሉውን ያጠፋዋል። መብራት ቢጠፋ ሂደቱ ከአሮጌው የሚያነብ ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ትደግሙታላችሁ። ፋይሎችን በእጅ የምታሻግሩ ግን ሁልጊዜ ኮፒ እንጂ ካት አትጠቀሙ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። ከክሎን በኋላ አዲሱ ሰፊ ቦታ ሳይመደብ ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ የጥገና ክፍልፋይ በመካከል ገብቶ ማስፋቱን ይከለክላል፤ እርሱን ወደ ጫፍ የሚያዛውር ፕሮግራም ያስፈልጋል።

«ሁሉን በኢንተርኔት ላይ ባስቀምጥስ?» የሚል ይኖራል። እናስላው። 200 ጊጋባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ለመላክ ሳይቋረጥ ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያንኑ በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚያነብ አሮጌ ዲስክ በኬብል ማሻገር 33 ደቂቃ ያህል ነው። ለማይተኩ ጥቂት ጽሑፎች የኢንተርኔት ቅጅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለሙሉ ዲስክ ግን በእኛ ሁኔታ ኬብሉ ይቀድማል።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ አሮጌው ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ይሞታል፤ ትሪም በተባለው አሠራርም የተሰረዘ ፋይል ከውስጡ መልሶ ማግኘት አዳጋች ነው። ያለ ኃይል ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥም አይመከርም፦ የጄዴክ መስፈርት፣ የመጻፍ አቅሙን ከጨረሰ የግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ የሚጠይቀው በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ መረጃውን ለ1 ዓመት እንዲይዝ ብቻ ነው። እንግዲህ ጤነኛ የሆነውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ለመሸጥ አትቸኩሉ። የሚገኝበት ዋጋ ትንሽ ነው፤ በመያዣ ከቶ ከኮምፒውተሩ በተለየ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ግን ሁለተኛ ቅጅ ይሰጣችኋል።

ለመሸጥ ወይም ለመሰረዝ ግድ ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ በአዲሱ ዲስክ ላይ ከየማኅደሩ ጥቂት ፋይሎችን ክፈቱ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከሁሉ የቀደመውን የአማርኛ ሰነድ። ገጹ ተነብቦ ትርጉም ከሰጣችሁ፣ ሽግግሩ ተፈጽሟል።