አረቄ ብርድ አያባርርም

በኅዳርና በታኅሣሥ የእንጦጦ ብርድ ወደ ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ ሲወርድ አረቄ ቤቱ ገና ሳይነጋ ይሞላል። ሌሊቱን በር ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛና ወደ ሥራ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ በባዶ ሆድ አንድ አንድ መለኪያ ይጨልጣሉ። «ብርዱን ይሰብርልሃል» ይባላሉ።

ሞቀኝ የሚለው ሰው አልዋሸም። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሞቀው ደም ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፊት ይቀላል፣ እጅ ይሞቃል። ያ ሙቀት ግን ከቆዳ ላይ ወደ አየሩ እየበነነ ያልቃል፤ የውስጥ አካል ይቀዘቅዛል። ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበት መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። ሞቆኛል ብሎ ጋቢውን ጥሎ ደጅ ላይ ያንቀላፋ ሰው ሊሞት ይችላል።

የሚያናድዱኝ አረቄን እንደ መድኃኒት ለጎረምሳ የሚያዝዙ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ደግ አድርጓል። ካቲካላ ግን ድሮም ማስታወቂያ አላስፈለገውም፤ ገበያ የሚያመጣለት ይኸው የብርድ ወሬ ነው። ጥንካሬው አይጻፍበትም፣ ኤክሳይዝ አይከፈልበትም፣ የጠጪውን ዕድሜ የሚጠይቅም የለም።

«አረቄ ቤቱ ይዘጋ» የሚሉ አሉ። አረቄ አውጥተው ልጆች የሚያሳድጉት እናቶችስ ምን ይብሉ? ለወጣት እንዳይሸጡ፣ በማለዳ እንዳይከፍቱ ወረዳው አብሯቸው ቢመክር ይሻላል ባይ ነኝ። መሥራቱን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ሳይሞከር መቅረቱ ግን ያሳዝናል።

ስለ መጠጥ የሚወራው የብርዱ ብቻ አይደለም። «አረቄ አሜባ ይገድላል» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ አሜባ የሚድነው ተመርምሮ በሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በኮሮና ጊዜም ጉሮሮ ያጸዳል ተብሎ ስንቱ ተጎነጨ! «ቢራ ኩላሊት ያጥባል» ለሚሉም፣ ሽንት ለማብዛት ውኃ ይበቃል። ቡና ደግሞ ስካር አያበርድም፤ ጉበት ጊዜውን ይፈልጋል። «የቤት መጠጥ ኬሚካል ስለሌለው አይጎዳም» የሚባለውም አያስኬድም። የሚጎዳው ራሱ አልኮሉ ነው፤ ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመደበ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዘበኛ የቀጠራችሁ ሁሉ፣ ለብርዱ ብላችሁ የመለኪያ ሒሳብ አትስጡት። ወፍራም ካፖርትና አንድ ፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ስጡት።