ዋናውን ሳይነኩ ትርፉን መብላት
በኤዋሶ ኒሮ ወንዝ ዳር ስላለው የእንግዳ ማረፊያ

ዋናውን ገንዘብ ጠብቆ በየዓመቱ ትርፉን የሚቀበል ነጋዴ፥ ያለውን ኹሉ አንድ ጊዜ ሸጦ ሱቁን ከሚዘጋው ይልቅ ብልህ መኾኑ የታወቀ ነው። ይህ የንግድ ሕግ በገበያ ብቻ ሳይኾን በበረሓም እንደሚሠራ የሚያስረዳ ምሳሌ በጎረቤት አገር በኬንያ ይገኛል።

ከኬንያ ተራራ በስተ ሰሜን ኤዋሶ ኒሮ የተባለው ወንዝ ደረቁን የሳምቡሩን አገር አቋርጦ ያልፋል። በወንዙ ዳር፥ በሳምቡሩ የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል ውስጥ፥ «ኤሌፋንት ዎች ካምፕ» የሚባል አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ያቋቋሙት ወይዘሮ ኦሪያ ዳግላስ ሃሚልተን ናቸው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ባለቤታቸው ዶክተር ኢየን ዳግላስ ሃሚልተን በ1965 በታንዛንያ በማንያራ ሐይቅ አጠገብ የዝሆንን ጠባይ መመርመር ጀምረው፥ በ1993 «ሴቭ ዘ ኤሌፋንትስ» የተባለውን የዝሆን ጥበቃ ድርጅት መሠረቱ።

ወደ ማረፊያው የሚመጣ እንግዳ ፎቅና እብነ በረድ አያገኝም። ማደሪያው ከዛፍ ጥላ ሥር በአሸዋ ላይ የተተከለ ሰፊ ድንኳን ነው። የቤቱ ዕቃ ዝሆኖች ገፍተው ከጣሉት ዛፍ የተሠራ ነው፤ መታጠቢያው በባልዲ የተሰቀለ ውሃ ነው፤ መብራቱም ከፀሐይ ኃይል ይገኛል። የግራር ፍሬ በሚረግፍበት ወራት ታላላቅ ወንድ ዝሆኖች ፍሬውን ለመልቀም እስከ ድንኳኖቹ መካከል ይገባሉ። የአገሩ ተወላጆች የኾኑት መሪዎች ዝሆኖቹን በመልክ ለይተው ያውቋቸዋል። ተመራማሪዎች ለየቤተ ሰቡ ስም ስላወጡም፥ አንዱ ወገን በማዕበል፥ ሌላው በቅመማ ቅመም ስም ይጠራል።

ለዚህ እንግዳው የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ድንኳኖቹ ጥቂት ስለ ኾኑ ምድሩ አይጐዳም፤ ገቢው ግን ለብዙዎች ይዳረሳል። ከእርሱ የአስተናጋጁ፥ የመሪውና የዘበኛው ደመወዝ ይወጣል፤ የክልሉም መግቢያ ቀረጥ ለአካባቢው አስተዳደር ይገባል። የጥበቃው ድርጅት ደግሞ በበኩሉ የሳምቡሩን ልጆች በትምህርት ይረዳል። ከብት አርቢው በሕይወት ያለ ዝሆን ለልጁ ትምህርት ቤት እንደሚከፍትለት ሲያይ፥ ሳይታዘዝ ጠባቂ ይኾናል።

የዚህን ሥራ አስቸጋሪነት ለመረዳት ተቃራኒውን ንግድ መመልከት ይገባል። የዝሆን ጥርስ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከኢትዮጵያም ወደ ውጭ ይላክ የነበረ የከበረ ሸቀጥ ነው። ዓለም አቀፉ ንግድ በ1989 በሎዛን በተደረገው ጉባኤ ቢከለከልም፥ ስውሩ ገበያ አልቆመም። በ2014 በቻይና የአንድ ኪሎ ጥሬ ጥርስ የጅምላ ዋጋ እስከ 2,100 የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ነበር። ከ2010 እስከ 2012 በአፍሪካ 100,000 ያህል ዝሆኖች እንደ ተገደሉ ሊቃውንት ገምተዋል፤ የሳምቡሩም መንጋ ከዚህ መከራ አላመለጠም። ኢትዮጵያ በ2015 ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጠለች። በ2017 መጀመሪያ ላይ የቻይናው ዋጋ ወደ 730 ዶላር ወረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የቻይና መንግሥት ሕጋዊውን የውስጥ ገበያ ዘጋ። ገዢ ሲጠፋ አዳኝም ይደክማል።

የማረፊያው ፈተና ግን ከአዳኝ ብቻ አልመጣም። በማርች 4 ቀን 2010 በላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ወንዙን በድንገት ሞልቶት፥ በዳርቻው የነበሩትን ሰፈሮች ጠራርጎ ወሰደ። ይህ ማረፊያና የጥበቃው ድርጅት የምርምር ጣቢያም ፈረሱ። ድንኳን፥ አልጋና የምርምር ዕቃ በአንድ ቀን ጠፋ። ነገር ግን እንግዳውን የሚስበው ዋና ሀብት ድንኳኑ ስላልነበረ፥ ማረፊያው እንደ ገና ተሠርቶ ሥራውን ቀጠለ።

ዝሆን ጽንሱን 22 ወር ተሸክማ አንድ ልጅ ትወልዳለች፤ የጠፋውን መንጋ መተካት የብዙ ዘመን ሥራ ነው። ጥርሱ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ በሕይወት ያለው ዝሆን ግን በየዓመቱ አዲስ እንግዳ ያመጣል። ወንዝ፥ ደንና አራዊት ባሉበት አገር ገንዘቡን ለማውጣት የሚያስብ ነጋዴ ኹሉ፥ ከሕንፃው ዋጋ አስቀድሞ ይህን ሒሳብ ቢያሰላ ይጠቀማል።