የሳሙና አረፋ ሲፈነዳ ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ልብስ በማጥብበት ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ከሳፋው አጠገብ ተቀምጦ በሸምበቆ ቀሰም አረፋ ይነፋ ነበር። አንዱ ትልቅ አረፋ ፈንድቶ ቢጠፋበት «ወዴት ሄደ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «አየር ሆነ» አልሁት። መልሴ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

አረፋ ማለት አየርን የከበበ ስስ የፈሳሽ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል ነው። ፈሳሽ ሁሉ ገጹን ለማጥበብ ይሳሳባል፤ ይህም የገጽ ውጥረት ይባላል። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ሲወርድና ሲተን ሽፋኑ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ አንዲት ቀዳዳ ትከፈትበታለች። ቀዳዳዋ ከሽፋኑ ውፍረት ሰፋ ካለች አትደፈንም፤ ውጥረቱ ጠርዟን እየጎተተ ያሰፋታል። ጠርዙም በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ስለሚሸሽ ዓይናችን ሊከተለው አይችልም።

ጠርዙ ሲሸሽ በመንገዱ ያገኘውን ፈሳሽ እየጠቀለለ እንደ ገመድ ይወፍራል። የፈሳሽ ገመድ ግን አይጸናም። ዦዜፍ ፕላቶ የተባለው የቤልጅግ ሊቅ፣ ዓይኖቹ ከታወሩ በኋላ እንኳ በቤተሰቡና በረዳቶቹ ዓይን እየተመለከተ ምርምሩን ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 መጽሐፉን አሳተመ። እርሱ እንዳስረዳው፣ የፈሳሽ ገመድ ርዝመቱ ከዙሪያው ሲበልጥ ወደ ጠብታዎች ይሰባበራል፤ ያው ፈሳሽ ጠብታ ሲሆን ጠቅላላ ገጹ ያንሳልና። ከቧንቧ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ ወደ ታች ሲደርስ የሚንጠባጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የወንድሜ አረፋ ጠብታ ሆኖ ተበታተነ እንጂ አየር አልሆነም።

ይህን ነገር ከጨዋታ አልፌ እንድመረምረው ያደረገኝ የታላቅ እኅቴ ሕመም ነው። በዚያው ዓመት የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። እኛም በፍርሃት የቡና ሲኒዋን ለየንባት፤ ነፋስ እንዳይመታት ብለን ደግሞ መስኮቱን ዘጋን። ነርሷ መስኮቱን እንድንከፍት ባዘዘችን ጊዜ እናቴም እኔም ተገረምን።

ምክንያቱ ከሳፋው አረፋ ጋር አንድ ነው። በሳንባችን ያሉት የአየር ቧንቧዎች በስስ እርጥብ ሽፋን ተለብጠዋል። ስንስል አየሩ በኃይል ሲያልፍ ይህ ሽፋን ተወጥሮ ይበጠስና ጠብታ ይሆናል። ትልልቆቹ ጠብታዎች ወዲያው ይወድቃሉ፤ ደቃቆቹ ግን ውሃቸው ተንኖ እጅግ ስለሚቀሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 ያስታወቀው የነቀርሳ ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው የሚጓዘው በእነዚህ ነው እንጂ በሲኒ አይደለም። ስለዚህ ሲኒዋን መለየታችን እኅቴን ከማሳዘን በቀር የረባን ነገር የለም፤ መስኮቱን መዝጋታችን ግን ሁላችንንም ለአደጋ ያጋለጠ ነበር።

እኅቴ የ6 ወር መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ጨርሳ ድናለች፤ ሲኒዋም ከሲኒዎቻችን ጋር ተቀላቅሏል። ወላጆቻችንና ጓደኞቼ ሆይ፤ በቤታችሁ የሚያስል ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን፤ መስኮቱንም ክፈቱ። ሰውየውን ግን ከማዕዳችሁ አታርቁት።